ከግራ ጉልበት በላይ የጎደለችው የብር ቁልፍ

የተከበሩ ዶኛ ኤውላሊያ፣ የተከበሩ አባ አንሰልሞ፣ የተከበራችሁ የኮኩላ ሰዎች፣ ከጓዳላሃራና ከየመንደሩ ቫዮሊናችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ሙዚቀኞች፤ ለመምጣታችሁ ክብረት ይስጥልኝ።

እዚህ ሳጥን ውስጥ የተኛው ሰው በሰው ፊት ሱሪዬን አስወልቆ ለሌላ ሰው አልብሷል።

ከዚህ ነው የምጀምረው። ዶኛ ኤውላሊያ ትናንት ቤቴ መጥተው፣ «ዶን ኒካንድሮ፣ ባለቤቴን እርስዎ ይሰናበቱልኝ» አሉኝ። «እመቤቴ፣ እኔ ከተናገርኩ ያንን ነገር ሳልናገር አልቀርም» አልኳቸው። «ለዚያ አይደል እንዴ የመጣሁት!» አሉኝ። ሰማችሁ? በሚስቱ ፈቃድ ነው። ቅር የሚለው ካለ ከእሳቸው ጋር ይነጋገር።

ቶማሳ ሚስቴ፣ አትሳቂ። ቀብር ላይ ነን።

አንተ ካሜራ የያዝከው ልጅ፣ መቅረጽ ከፈለግህ ቅረጽ። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ውረድ፤ አፈር እየናድክበት ነው። እናንተ ቀባሪዎች ደግሞ ክዳኑን ተዉት። አይዘጋም። በዚህ ሰው ሱሪ ላይ ትናንት የተሰፋች አንዲት የብር ቁልፍ አለች። እሷ ከሱሪው ላይ ሳትወጣ ሊብራዶ ኮቫሩቢያስ አይቀበርም። ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ። ጸሐይ ከሆነባችሁ ባርኔጣ አላችሁ።

ስለ ሱሪ በመናገሬ የሚስቅ ካለ፣ የማን ሱሪ እንደሆነ አያውቅም ማለት ነው።

አያቴም እንደ እናንተ ማሪያቺ፣ በቡድን እየዞረ በየበዓሉ የሚጫወት ሙዚቀኛ፣ ነበር። ነጭ የአቡጀዲ ሱሪ ለብሶ፣ የጠፍር ጫማ ተጫምቶ ነው የሚጫወተው። በባለርስቱ ግቢ፣ ከባለርስቱ ፈረሶች አጠገብ ቆሞ። ይህ ዛሬ የለበሳችሁት፣ እግር ላይ የሚጣበቀው፣ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ብር የተደረደረበት ሱሪ የባለርስቱ ነበር። ፈረስ ላይ ተቀምጦ ሰውን ቁልቁል የሚያይ ሰው ልብስ ነበር። ከዚያ ፊልም መጣ። ፊልም ሠሪዎቹ አቡጀዲው አላማራቸውም፤ ሙዚቀኛውን የጌታውን ልብስ አለበሱት። ዓለምም ወደደው። ዛሬ ሜክሲኮ ሲባል ሰው ሁሉ የሚታየው ያ ሱሪና ያ ባርኔጣ ነው። ቢራ ጠርሙስ ላይ አለን። የድንች ጥብስ ከረጢት ላይ አለን። በማናውቀው አገር ልጆች የወረቀት ጢም ለጥፈው እኛን ይሆናሉ። ማን ጠየቀን? ማንም።

አባቴ ግን ለፊልም ብሎ አልለበሰውም። የመጀመሪያውን ሱሪ አሰፍቶ ለብሶት ወደ ቤት ሲመጣ አያቴ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«የጌታዬን ሱሪ ከየት አመጣኸው?»

«የጌታህ አይደለም፣ የኔ ነው። አሰፋሁት።»

«አውልቅ! ሰው ሳያይህ አውልቅ!»

«ይዩኝ። እሱ ተቀምጦ ነው የሚለብሰው። እኔ ቆሜ ነው የምለብሰው።»

ቆሞ ነው የሚለበሰው። በዚህ ሱሪ የማንቀመጠው ለዚህ ነው። ስለሚጠብ ነው የሚል ሰው አለ። መጥበቡስ ይጠባል። ግን ለዚያ አይደለም። የአባቴ ቁልፎች እውነተኛ ብር ናቸው፣ በእያንዳንዳቸው ላይ የፈረስ ራስ አለ። አባቴን ስንቀብረው ከሱሪው ላይ ፈትቼ በራሴ ሱሪ ላይ ሰፋኋቸው። እንግዲህ የተወሰደብኝ ሱሪ ይህ ነው።

አሁን ደግሞ የወሰደብኝ ሰው ማን እንደነበር ልንገራችሁ። ወጣቶቹ የምታውቁት በቴሌቪዥን ነው። እኔ ከዚያ በፊት ነው የማውቀው።

አሜካ ከተማ አጠገብ አንድ የከብት ባለጸጋ ሴት ልጁን ዳረ። ሊብራዶ አለቃችን ነበር፣ ቫዮሊን ይጫወታል። እኔ ጊታሮን ነኝ፣ ያ ሆዱ የተነፋው ትልቁ ጊታር። በዋናው በር ልንገባ ስንል ዘበኛው፣ «ሙዚቀኛ በጓሮ!» አለን። በጓሮ ገባን። ምሳ ደረሰ። ለእንግዳው ሁሉ ሥጋ ቀረበ። እኛን፣ «ከውሾቹ ማዶ ጥላ አለ፤ እዚያ ጠብቁ» አሉን። የወጥ ቤቱ ሴቶች ናቸው ትኩስ የበቆሎ ቂጣ፣ ቶርቲያ፣ ከባቄላ ጋር በሽርጣቸው ሸፍነው ያመጡልን። አንዲት አሮጊት፣ «ብሉ ልጆቼ፤ እነዚያ ጆሮ እንጂ ዓይን አልሠራላቸውም» አለችን።

ከዚያ «ተጫወቱ» ተባለ። ሊብራዶ ቫዮሊኑን ከአገጩ ሥር አስገባ። ወደ እኛ ዞሮ፣ «ወንድሞቼ፣ ፊት ወደ ወጥ ቤት» አለ። ዞርን። ለሙሽራው፣ ለከንቲባው፣ ለባለጸጋው ጀርባችንን ሰጥተን ድስት ለሚያጥቡ ሴቶች ተጫወትን።

ባለጸጋው ብድግ አለ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ናት።

«እናንተ! ዙሩ! ጀርባችሁን ላይ ነው እንዴ የጠራኋችሁ?»

ሊብራዶ መጫወቱን ሳያቆም፣ «ጌታዬ፣ ፊታችን ወዳበላን ሰው ነው የሚዞረው» አለው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እኔ ጊታሮኔን እንደ ጋሻ ደረቴ ላይ አጥብቄ ይዤ ጸሎት ጀምሬ ነበር። ጥሩምባ ነፊያችን ትንፋሹ ጠፋ። ያን ጊዜ ሙሽራይቱ በሳቅ ፈነዳች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሰርግ እንግዳዋን ሁሉ አቋርጣ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ መጨፈር ጀመረች። ባለጸጋው ምን ያድርግ? ልጁ ናት። ተቀመጠ።

ይህ ነው ሊብራዶ። የልጄ የክርስትና አባት። አበልጄ። ሽጉጥ ለታጠቀ ሰው ጀርባውን የሰጠ ሰው። ሌላ ሰው ሱሪዬን ቢያስወልቀኝ በሳምንቱ እረሳው ነበር። ሊብራዶ ነው ያስወለቀኝ። አሁን ገባችሁ?

ቴሌቪዥን ጠራን። ሁላችንም አዲስ ሸሚዝ ገዝተን ወደ ዋና ከተማው ሄድን። የዝግጅቱ አለቃ ማስቲካውን እያኘከ አሰልፎ አየን። ባርኔጣውን ለአንዱ ቀጥ አደረገለት፣ ያንዱን ክራቫት አላላ። እኔ ጋ ሲደርስ ማኘኩን አቆመ። አጭር ነኝ። ፊቴን ፈንጣጣ በልቶታል። ይኸውላችሁ፣ እዩት፤ ያኔም አልሸፈንኩትም።

«ይሄኛው አይሆንም» አለ።

«ጊታሮናችን ነው» አለው ሊብራዶ።

«ይጫወታ! ማን አይጫወት አለው? ከመጋረጃው ኋላ ይጫወት። ከፊት መልከ መልካም ልጅ አቆምልሃለሁ። ተዋናይ ነው፣ ሴቶቹ ያብዱለታል። ልብስ ግን አልመጣለትም። የዚህን ሰውዬ ልብስ ይልበስ።»

ሁላችንም ሊብራዶን አየን። አሁን «ዙሩ» ይለናል ብዬ ጠበቅሁ። እግሬን አንስቼ ነበር፣ ልዞር። ሊብራዶ ወለሉን አየ። መብራቶቹን አየ። እዚያ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት የለም፤ ወዴት ይዙር?

«አበልጄ» አለኝ፤ «ሱሪህን ስጠው።»

እዚያው ኮሪደር ላይ፣ ጸሐፊዎች ወረቀት ይዘው እየተመላለሱ፣ አወለቅሁ። የጽዳት ሠራተኛው አይቶኝ ሰማያዊ የሥራ ሱሪ አበደረኝ። ስሙን አልጠየቅሁትም። እግዜር ይስጠው።

«ታዲያ ለምን ተጫወትክ?» የሚለኝ አይጠፋም። ጊታሮን የሌለው ማሪያቺ ወለል የሌለው ቤት ነው። ቫዮሊኖቹ ምን ላይ ይቁሙ? ጥሩምባው ምን ላይ ይቁም? ሊብራዶ ስላዘዘኝ አልተጫወትኩም። ወንድሞቼ እንዳይወድቁ ነው የተጫወትኩት። በሰው ሱሪ፣ ከጨርቅ ኋላ፣ አንድም ቦታ ሳልስት ተጫወትኩ። በዚያ ምሽት ካጨበጨባችሁት ውስጥ ሌላውን ሁሉ ከታች የተሸከመው ወፍራሙ ድምፅ የኔ ነው።

ከፊት ያ መልከ መልካም ሌላ ጊታሮን ታቅፎ ቆሟል። ሱሪዬ አጥሮት ቁርጭምጭሚቱ ጋ አልደረሰም። «ግድ የለም፣ ካሜራው ከጉልበት በታች አይወርድም» አሉ። እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ጊታሮን ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በአንዴ ነው የሚጎተቱት። እሱ ግን እንደ ተራ ጊታር ይፈገፍገዋል። እንዲህ፣ እንዲህ። እዚህ ኮኩላ በቢራ ቤቱ ቴሌቪዥን ፊት የተሰበሰበው ሰው ወንበር ይዞ ወደቀ አሉ። ዳቦ ጋጋሪው፣ «ምን ሆኗል ይሄ ልጅ? ድመት እያሻሸ ነው?» አለ። እዚህ ሳቁ። አገሩ ሁሉ ግን አጨበጨበለት።

በእረፍቱ ያ ልጅ ምን አደረገ መሰላችሁ? ተቀመጠ።

የአባቴ ቁልፎች ያሉበትን ሱሪ ለብሶ ተቀመጠ! ስፌቱ ተተረተረ። ከግራ ጉልበት በላይ ያለችው ቁልፍ ተስፈንጥራ ከመብራቶቹ ገመዶች መሃል ገባች። አንዱ «የምን ድምፅ ነው?» አለ። ሌላው «ምንም አይደለም» አለ። ማንም ጎንበስ ብሎ አልፈለጋትም።

እኔ በዚያው በሰማያዊው ሱሪ አውቶቡስ ተሳፍሬ መጣሁ። ቶማሳ በሩን ከፍታ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ «ሱሪህን የት ጥለኸው መጣህ? ማናት?» አለችኝ። ለማስረዳት ደክሜአለሁ። እስከ ዛሬም ሙሉ በሙሉ ያመነችኝ አይመስለኝም።

ሊብራዶ ሱሪዬን አጣጥፎ ይዞ መጣ። ስፌቱን አስጠግኖታል። «አበልጄ» አለ። ተቀበልኩትና ገለበጥኩት። «አንዲት ቁልፍ ጎድላለች» አልኩት። «አውቃለሁ» አለ። በሩን ዘጋሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። እሱ ዝነኛ ሆነ። ሸክላው በየቤቱ ተሰማ፣ ፎቶው በየፀጉር ቤቱ ተሰቀለ። እኔ እዚሁ ለጥምቀተ ሕፃናትና ለቀብር ተጫወትኩ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ይቅር አላልኩትም። ማንም ከዚህ ወጥቶ «በመቃብሩ ላይ ታረቁ» ብሎ እንዳያወራ። አልታረቅንም።

ግን በዚያው ዓመት የቅድስት ሴሲሊያ በዓል ደረሰ። የሙዚቀኞች ቀን ነው፤ ሁላችንም ለብሰን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። እኔ ከመንገዱ በዚህ በኩል፣ እሱ ከወዲያ። ያችን ጎዶሎ ቦታ ሳልሸፍን ነው የለበስኩት። ሌላ ቁልፍ አልሰፋሁባትም፣ ሰው ይያት ብዬ። አሻግሬ ሳይ ሊብራዶም የግራ እግሩ ላይ፣ ከጉልበቱ በላይ፣ እዚያችው ቦታ ላይ ቁልፍ የለውም።

መጀመሪያ ዓይኔን አላመንኩም። እሱ እግሬን አየ። እኔ እግሩን አየሁ። መንገዳችንን ቀጠልን።

ዶኛ ኤውላሊያ ትናንት ነው የነገሩኝ። ከእኔ በር እንደተመለሰ የራሱን ሱሪ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ያችን ቁልፍ በወጥ ቤት ቢላዋ ራሱ ቆርጦ አወጣት። «ወደቀች እንዴ? ልስፋልህ?» ሲሉት፣ «ተይው» ነው ያላቸው። ለበዓል ሲሉት «ተይው»። ለልጁ ሰርግ ሲሉት «ተይው»። ለአምባሳደሮች ሲጫወት እንዲያ ቆመ። በቴሌቪዥን እንዲያ ቆመ። ያ ለአንድ ምሽት ወለሉን ያየ ሰው፣ ከዚያ በኋላ በኖረበት ዕድሜ ሁሉ፣ በሰው ፊት፣ በየዘፈኑ ጎዶሎውን ይዞ ቆመ። ለማንም ምክንያቱን አልተናገረም። ይቅርታ ማለት በአፍ ቀላል ነው፤ ተብሎ ይረሳል። እኔ እንዲህ ያለውን ከማንም አላየሁም። እሱን ይቅር አላልኩትም ብያለሁ፤ አልዋሽም። ያችን ጎዶሎ ቦታ ግን አክብሬያታለሁ። አሁንም አከብራታለሁ።

አሁን ወደ ታች እዩ። እናንተ ወጣት ሙዚቀኞች። አዎ፣ እናንተ። የግራ እግራችሁን እዩ። ስንቶቻችሁ ናችሁ ከጉልበታችሁ በላይ አንዲት ቁልፍ የጎደላችሁ?

አያችሁ? ግማሻችሁ!

ባለፈው ዓመት ጓዳላሃራ ውስጥ አንዱን ጎረምሳ ያዝኩትና፣ «ቁልፍህ የት ሄደች?» አልኩት። «አያቴ፣ ይሄ የድሮ ስታይል ነው! ታላላቆቹ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚለብሱት» አለኝ። «ማን ነገረህ?» «ልብስ ሰፊው ነው። እንዲያውም ያለ ቁልፏ ሲሠራ ዋጋው ይጨምራል» አለኝ። ስታይል! የአንድ ሰው ኀፍረት በሱቅ መስኮት ተሰቅሎ ይሸጣል። ልጆች፣ አልተቆጣኋችሁም። አላወቃችሁም። አሁን ግን አውቃችኋል። ከፈለጋችሁ ስፉባት። ጎዶሎዋን እንዳለች ከተዋችኋት ደግሞ ለጌጥ አይሁን። ወንድማችሁን ያዋረዳችሁ ዕለት ትዝ ይበላችሁ።

ፌርሚን። ና ወደዚህ ቅረብ። የሊብራዶ ልጅ፣ የቡድኑ አለቃ አሁን አንተ ነህ። ትናንት አባትህን ስታለብስ ያችን ቦታ አየሃትና አዲስ ቁልፍ ሰፋህባት። አሳማሪ ነህ፣ አያለሁ። የምታብረቀርቅ ናት።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ሰው ይስማህ።

«አባቴ ሳይጎድልበት እንዲሄድ ብዬ ነው» አልክ።

ገባኝ። ካሜራ ይመጣል፣ ከንቲባው ይመጣሉ፣ ሬሳው ቆንጆ ይሁን ብለህ ነው። ክፋት የለብህም። ግን ልጄ፣ አባትህ ስታይል ብሎ አልነበረም፣ ረስቶትም አልነበረም። ከሱሪው ሁሉ የራሱ የሆነችው ያቺ ባዶ ቦታ ብቻ ናት። ሌላው ሁሉ ከባለርስቱ የመጣ ነው፣ ከፊልም የመጣ ነው። እሷን ግን በገዛ እጁ ነው የሠራት። አንተ በአንድ ምሽት ልትደፍናት?

አልፈቅድም። እኔ በሕይወት ቆሜ አልፈቅድም።

ይኸውልህ ሰንጢዬ። ያዝ። እኔ ልቆርጣት እችል ነበር፣ ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጄ እስከዚያ ደርሶ ነበር። ግን የሰፋ ይፍታ። አባ፣ ትንሽ ይታገሱን።

እንዲያ። ክሩን ብቻ፤ ጨርቁን አትንካው። ቀስ በል። አባትህም በገዛ እጁ ነው የቆረጣት።

በቃ።

ለእኔ አትስጠኝ። አልፈልጋትም። እዩኝ፣ የኔም ጎዶሎ ይኸው አለች፤ በእሷ አትደፈንም፣ በማንም ቁልፍ አትደፈንም። እኔንም እንዲሁ ነው የምትቀብሩኝ፤ የሚያሳምረኝ ሰው እንዳይመጣ። ለእናትህ ስጣት።

አሁን ክዳኑን ዝጉ።

ሳጥኑን ግን አዙሩት። ፊቱን ወደ ከንቲባው አድርጋችሁታል። ይቅርታ ያድርጉልን ክቡር ከንቲባ። ወደነዚያ ሴቶች አዙሩት፤ ከትናንት ጀምሮ ለዚህ ሁሉ ለቀስተኛ ሲያበስሉ የዋሉት ወደቆሙበት። እዚያ። ፊቱ ወዳበላን ሰው ነው የሚዞረው።

ሊብራዶ። ይህ ሱሪ ቆሞ ነው የሚለበሰው። አባቴ አልተቀመጠበትም፣ አንተም አልተቀመጥክበትም። ዛሬ ተኝተህበታል። እንግዲህ ይሁን፣ ዛሬን ተኛበት። ባለርስቱ በፈረስ ያለፈበትን መሬት አንተ ተዘርግተህ ያዝከው፤ ና ተነሥ የሚልህ ጌታ የለም፣ ዙር የሚልህ ጌታ የለም። እኔም መጋረጃ የለብኝም። ፊቴን ጸሐይ ላይ አድርጌ፣ በራሴ ሱሪ፣ እግርህ ሥር ቆሜ እጫወትልሃለሁ። ደኅና ሁን፣ አበልጄ።

ልጆች፣ ባርኔጣ አውልቁ። ጊታሮኔን አቀብሉኝ። የስንብቱን ዜማ ነው፤ በዝግታ፣ እኔን እያያችሁ። ማንም እንዳይቀመጥ።

ስለ ሱሪው ዛሬ ተናገርኩ። ነገ ጋዜጠኛ ቢጠይቀኝ፣ የልጅ ልጆቼ ቢጠይቁኝ፣ አባ አንሰልሞ በንስሐ ቢጠይቁኝ፣ አንዲት ቃል አይወጣኝም። ከእኔ አፍ ሁለተኛ አትሰሙትም።